ቲ-34ቶቼ ላይ ዋሹ ቀለበት ትቶ ደረቀ፣ ቫርኒሹም ነጣብኝ፤ ቀለሙን ሳልልጥ ማዳን ይቻላል?

የጠረጴዛ ዘማች፦

ሰላም ለሁላችሁ። በ1፡100 ልኬት (15 ሚሊ ሜትር በሚባለው) ለጠረጴዛ ጨዋታ አሥር የቲ-34/76 ታንክ ሞዴሎች እየቀባሁ ነው። ዘጠኙ በሦስት በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ለአዛዡ፤ አንድ ሙሉ የሶቪየት ታንክ ሻምበል ማለት ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943፣ ቦታው ሩሲያ ውስጥ ያለው ኩርስክ።

እስካሁን የሄድኩበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ፕላስቲኩን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኩ፤ ግራጫ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ የሚቀድም ሽፋን) ነፋሁ፤ በብሩሽ ሁለት ስስ ዙር አረንጓዴ አክሪሊክ ቀባሁ፤ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ ዋሽ (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጥላ የሚሠራ ቀጭን ቀለም) በእኩል ውሃ አቅጥኜ ታንኩን በሙሉ አለበስኩት፤ ሲደርቅ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ በስፕሬይ ነፋሁበት። የምነፋው በረንዳ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ፣ በዚህ ዝናብ።

አሁን ሦስት ችግር አለብኝ።

1. የሞተሩ ክዳንና የቱሬቱ (መድፉን የያዘው የሚዞር ክፍል) ጣሪያ ላይ ዋሹ ጠርዙ የጠቆረ ክብ ክብ ነጠብጣብ ትቶ ደረቀ።
2. ከአሥሩ ሦስቱ ከቫርኒሹ በኋላ ዱቄት የተነፋባቸው መስለው ነጡ። ሰባቱ ደህና ናቸው፤ ጣሳው ግን አንድ ነው።
3. አንድ ሜትር ርቄ ሳያቸው ሁሉም አንድ ጥቁር ድብልብል ናቸው። ጎማው ከሰንሰለቱ፣ ክዳኑ ከጣሪያው አይለይም።

የሁሉንም ቀለም ልጬ እንደገና ልጀምር? ወይስ ካሉበት ማዳን ይቻላል? ወደ ዘይት ቀለም ዋሽ መሻገርስ ለአሥር ታንክ ያዋጣል?

ቀጭን ብሩሽ፦

አትላጣቸው። ጉዳቱ ያለው ከላይ ነው፤ ሥር ያለው አረንጓዴ ደህና ነው። ስለነጡት ሦስቱ ሌላ ሰው ይመለስበታል ብዬ እተወዋለሁ፤ እኔ ስለ ቀለበቱና ስለ ጨለማው ልናገር።

ቀለበቱ የቡና ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ከሚተወው ክብ ጋር አንድ ነው። ጠብታ ሲደርቅ ጠርዙ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከመሃል ያለው ፈሳሽ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፤ ሲሄድ የቀለሙን ብናኝ ይዞ ይሄዳል። ይህ የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ደረቅና ሻካራ የሆነው ማት ቀለም ነው፤ ዋሹን እዚያው ባረፈበት ይመጠዋል እንጂ ወደ ስንጥቁ እንዲፈስ አይለቀውም። ሁለተኛው ባዶ ውሃ ነው። ግማሹ ውሃ ሲሆን ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ይሳሳል፣ ፈሳሹም ተዘርግቶ ከመቀመጥ ይልቅ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል። አክሪሊክ ዋሽ ማቅጠን ካስፈለገ ውሃውን ከማት ሚዲየም (ቀለም የሌለው የአክሪሊክ ማያያዣ) ጋር ደባልቀው፦ 4 ጠብታ ዋሽ፣ 2 ጠብታ ሚዲየም፣ 2 ጠብታ ውሃ።

ጨለማው ደግሞ የመጣው ዋሹን ታንኩን በሙሉ ስላለበስከው ነው። ዋሽ ጥላ ነው። ጥላ በየቦታው ካረፈ ጥላነቱ ይቀርና ታንኩን በሌላ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እንደገና መቀባት ይሆናል። በዚህ ልኬት ደግሞ ችግሩ ይከፋል፤ የቲ-34 አካል ያለ መድፉ 5.92 ሜትር ነው፣ እጅህ ላይ ያለው 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ትንሽ ነገር ከርቀት ስናየው ቀለሙ ከትክክለኛው የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ የመሠረቱ አረንጓዴ ከእውነተኛው ታንክ የፈካ መሆን አለበት፤ ትክክለኛውን የሶቪየት አረንጓዴ ከጠርሙሱ እንዳለ የሚቀባ ሰው መጨረሻው ጥቁር ታንክ ነው።

ማዳኛው እንዲህ ነው፦

የመሠረቱን አረንጓዴ 4 እጅ፣ ቡፍ (የታሚያ ኤክስኤፍ-57 ዓይነት ፈዛዛ አሸዋማ ቀለም) 1 እጅ ደባልቅ። ምንም እንኳ ግማሽ በግማሽ በውሃ ቢቀጥንም መሸፈን አለበት። በጠፍጣፋ ብሩሽ የየክፍሉን መሃል ብቻ ቀባ፤ የቱሬቱን ጣሪያ፣ የፊቱን ዘንበል ያለ ብረት፣ የጎኑን፣ የሞተሩን ክዳን። ስንጥቆቹንና የክዳን ዙሪያዎቹን አትንካ፤ እዚያ ያለው ጥቁር አሁን ለሥራህ ይጠቅማል። አንዱ ዙር ካልሸፈነ 20 ደቂቃ ጠብቀህ ድገመው። ቀለበቱ ሥር ይቀራል፣ ክፍሎቹም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ለአሥር ታንክ አንድ ምሽት ይበቃል። ቫርኒሽ ላይ ስለምትቀባ ቀለሙ መጀመሪያ የማይይዝ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ማት ቫርኒሽ አክሪሊክን በደንብ ይይዛል።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ፣ ለአሥር ታንክ ያዋጣል፤ እንዲያውም ለብዙ ታንክ ይበልጥ የሚመቸው እሱ ነው። ምክንያቱም አክሪሊክ ዋሽ ከደረቀ ደረቀ፣ የዘይት ዋሽ ግን ለሰዓታት ይታረማል። አንዱን ጨርሰህ አሥረኛው ላይ እስክትደርስ የመጀመሪያው ለማጽዳት ልክ የሆነበት ሰዓት ይደርሳል።

ከማዳኛው ቀለም በኋላ አንድ ቀን አቆይና ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ቫርኒሽ አድርግበት። ግሎሱ ሁለት ሥራ አለው፦ ዋሹ በስንጥቅ ውስጥ ራሱ እንዲሮጥ ያደርጋል፣ አክሪሊኩንም ከማቅጠኛው ይጠብቃል። ቁጥር ወይም መፈክር የምትለጥፍ ከሆነ ጊዜው አሁን፣ ከግሎሱ በኋላ ነው፤ ማት ላይ የተለጠፈ ዲካል (በውሃ ረጥቦ የሚለጠፍ ምልክት) ሥሩ አየር ይይዝና እንደ ብር ያብረቀርቃል። ግሎሱ 24 ሰዓት ይድረቅ።

ከዚያ ሮው አምበር ወይም በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ የሠዓሊ ዘይት ቀለም ካርቶን ላይ ጨምቀህ አንድ ሰዓት ተወው፤ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ዋሹም ቶሎና ያለ ንጽብራቅ ይደርቃል። ከዚህ የሽምብራ ፍሬ የምታህለውን ለአንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ዋይት ስፒሪት (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ፍታ። ይህ ለአሥሩም ይበቃል። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስንጥቁን፣ የክዳኑን ጥግ፣ የመያዣ ብረቱን ሥር ብቻ ንካ፤ ራሱ ይሮጣል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ሌላ ጠፍጣፋ ብሩሽ በዋይት ስፒሪት አርጥበህ ሶፍት ላይ ጥረገውና፣ እርጥብ መሆኑ በጭንቅ እስኪታወቅ፣ የተረፈውን ከላይ ወደ ታች ጎትት። በጎን ብረቶች ላይ ይህ ጉተታ ራሱ የዝናብ መስመር ይሠራልሃል።

ዋሹን በጎማዎቹ መሃል አታጥለቅልቅ። ዋይት ስፒሪት ቀለም ያልነካው ፕላስቲክ ውስጥ በተለይ ተጨንቆ በተጣበቀ ቦታ ሲጠራቀም ፕላስቲኩን ያሰነጥቃል፤ ከሳምንት በኋላ ጎማው ራሱ ይወድቃል።

ሰማያዊ ጣሳ፦

ስለነጡት ሦስቱ። ሦስቱን የነፋሃቸው መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ? መልሱ ምክንያቱን ይለያል።

የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ ጣሳው በደንብ አልተናወጠም። ማት ቫርኒሽን ማት የሚያደርገው በውስጡ ያለ በጣም የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ጣሳው ሲቀመጥ ዱቄቱ ይዘቅጥና መጀመሪያ ሲነፋ ተጠራቅሞ ይወጣል። የውስጥ ኳሱ መንቀጫቀጭ ከጀመረ በኋላ ሙሉ ሁለት ደቂቃ አናውጥ፣ በየታንኩም መሃል ለ10 ሰከንድ ድገም።

የመጨረሻዎቹ ከሆኑ እርጥበት ነው። ስፕሬይ ሲነፋ ፈሳሹ ቶሎ ስለሚተን የታንኩን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ ጣሳውም ራሱ በተነፋ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ውሃ ስለተሸከመ፣ ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ይይዝና ጤዛው በቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። ዝናብ እየዘነበ፣ ወይም ካባራ በኋላ ወዲያው በረንዳ ላይ መንፋት ማለት ይህንኑ መጥራት ነው። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁም በበጋው ወበቅ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል፤ ችግሩ ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው።

ሦስተኛ ምክንያት አለ፦ ርቀት። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል። ይህኛውን በጣት ታውቀዋለህ፤ ሻካራ ነው፣ የእርጥበቱ ግን ለስላሳ ነው።

ማዳኛው ለእርጥበቱም ለዱቄቱም አንድ ነው፣ ሰው ግን በመጀመሪያ ሲሰማው አያምንም፦ በላዩ ግሎስ ቫርኒሽ ቀባ። ነጭ የሚታየው በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው፤ ግሎሱ ክፍተቶቹን ይሞላና ብርሃኑ አልፎ ሥር ያለው ቀለም ተመልሶ ይታያል። በብሩሽ፣ በስሱ፣ አንድ ጊዜ። ግማሹ ከጠራና ግማሹ ከቀረ ነገ ድገመው። ቀጭን ብሩሽ ለዘይቱ ግሎስ ይቅደም ስላለ፣ አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሦስቱን በግሎስ አጥራቸው፣ ከዚያ የማዳኛውን አረንጓዴ ቀባ፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እንደገና ግሎስ። ነጭ ላይ አረንጓዴ ብትቀባ ቀለሙን መመዘን አትችልም። ሻካራ የሆነው ግን በግሎስ አይድንም፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለህ አራግፈው፣ ያልለቀቀውን ቀለም ይሸፍነዋል።

ለመጨረሻው ማት በዚህ ወራት ስፕሬዩን ተወውና በብሩሽ የሚቀባ አክሪሊክ ማት ተጠቀም፦ 10 ጠብታ ቫርኒሽ፣ 2 ጠብታ ውሃ፤ ጠርሙሱን በደንብ አናውጥ፤ አረፋ ከያዘ እስኪጠፋ ጠብቅ። መድረቅ ከጀመረ በኋላ በብሩሽ አትመለስበት፤ ነጭ ጭረት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥግ ላይ የተጠራቀመውን ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ምጠጥ።

ስፕሬይ ካልሆነ አይሆንም የምትል ከሆነ ደረቅ ቀን ጠብቅ፤ ጣሳውን እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቁመው (እሳት ወይም ምድጃ አጠገብ በፍጹም፣ ይፈነዳል)፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፤ ከታንኩ ውጭ ጀምረህ ከታንኩ ውጭ ጨርስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ የተቀባ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ሞክር። አሥር ታንክ ከመንፋት በፊት አንድ ቁራጭ ለ15 ደቂቃ መጠበቅ ብዙ አይደለም።

ሰንሰለትና ጎማ፦

ሁለቱ የተናገሩት ልክ ነው፤ ቀለምን በተመለከተ ግን አንድ የምጨምረው አለ። ኩርስክ የጥቁር አፈር አገር ነው። ያ አፈር ሲረጥብ ጥቁር ይሆናል፤ ሲደርቅና ሲቦን ግን ወደ ግራጫ ቡናማ ይፈካል። ሐምሌ ላይ ታንኩ አቧራ ነው የሚለብሰው፣ ስለዚህ ከታች ያለው አካል ከላይኛው የፈካ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ታችን ያጠቁራል፤ ከዚያ ጎማው ከሰንሰለቱ አይለይም ይላል። ሦስተኛው ጥያቄህ መልሱ ግማሹ እዚህ ነው።

አቧራውን ከቡፍና ከፍላት ኧርዝ (አፈር መሳይ ቡናማ ቀለም) እኩል በእኩል ሥራ። በደረቅ ብሩሽ፦ ቀለሙን ሶፍት ላይ ጥረገው፣ ሶፍቱ ላይ ምልክት መተው ሲያቆም ታንኩ ላይ ጀምር። ከታች ወደ ላይ፣ ከሰንሰለቱ አጠገብ ወፍራም፣ ወደ ቱሬቱ ሲሄድ እየሳሳ። የኋላው ብረት ከፊቱ በላይ ይቧራል፤ ሰንሰለቱ አቧራውን የሚወረውረው ወደዚያ ነው። ቱሬቱ ላይ ወታደሮች የሚረግጡበት የጣሪያው ጫፍና የክዳኖቹ ዙሪያ ብቻ ይበቃል።

መላጥ (ቀለሙ ተነስቶ ብረቱ የሚታይበት) ላይ ልኬቱን አስታውስ። በ1፡100 አንድ ሚሊ ሜትር ነጥብ በእውነተኛው ታንክ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቁስል ነው። የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ ቁራጭ በወረንጦ ያዝ፣ የቫሌሆ ጀርመን ካሙፍላጅ ብላክ ብራውን (70.822) ንከርበት፣ ወረቀት ላይ ደጋግመህ መታ መታ አድርገህ ሊያልቅ ሲል ብቻ የክዳን ጠርዝና የጭቃ መከላከያው ጫፍ ላይ ንካ። በአንድ ታንክ ከስምንት አሥር ቦታ አትለፍ። የብር ቀለም ለመላጥ አትጠቀም፤ የተላጠ ብረት በአንድ ቀን ይጠቁራል።

ቀይ ዝገትንም ተው። ኩርስክ ላይ የተዋጋ ቲ-34 አብዛኛው ከፋብሪካ የወጣው ከወራት በፊት ነው፤ አርጅቶ ለመዛግ ጊዜ አላገኘም። ዝገት የሚገባው የኋላዎቹ ሁለት የጭስ መውጫዎች ላይ ነው፣ ከላዩም የናፍጣ ጥላሸት፦ ጥቁር የዱቄት ቀለም በደረቅ ብሩሽ፣ ከቀዳዳው ወደ ታች እየሳሳ። በጎን ያሉት የነዳጅ በርሜሎች ክዳን ሥር ደግሞ አንዲት ጠብታ ቡናማ ዋሽ ከግሎስ ጋር፤ የፈሰሰ ናፍጣ ማት አይደለም፣ እርጥብ ይመስላል። ይህን ከመጨረሻው ማት በኋላ አድርገው፣ አለዚያ ማቱ ያጠፋዋል።

የጠረጴዛ ዘማች፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሰማያዊ ጣሳ፣ የነጡት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ እርጥበቱ መሆኑ ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቀለም መደብር ውስጥ «ቲነር» ብዬ ብጠይቅ ለዘይቱ ይሆናል? ሰንሰለቱንስ ምን ላድርገው? የዱቄት ቀለም ገዝቻለሁ፣ ስነካው ግን እጄ ላይ ይቀራል።

ቀጭን ብሩሽ፦

ቲነር አትበል! ቲነር ስትል የመኪና ቀለም ማቅጠኛ ሊሰጡህ ይችላሉ፤ እሱ ግሎሱንም፣ አክሪሊኩንም፣ ፕላስቲኩንም አንድ ላይ ያቀልጣል። ዋይት ስፒሪት ወይም የሠዓሊ ተርፔንታይን በል። ተርፔንታይኑ ከዋይት ስፒሪት ይበረታል፣ ስለዚህ ግሎሱ ሙሉ 48 ሰዓት ይድረቅ፣ ስታጸዳም አትፈትግ። የገዛኸውን ማናቸውንም በታንክ ላይ ሳታውል በፊት ክፍሎቹ የተያያዙበት ትራፊ ፕላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ አድርገህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ ገጹ ከለሰለሰ ወይም ጣት ከያዘ መልሰው። መስኮት ከፍተህ ሥራ፣ ብሩሹንም በአፍህ አታሹል።

ከዘይቱ በኋላ ማቱን አታስቸኩል። ሁለት ቀን ቆይተህ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ንካው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ዝግጁ ነው። ያልደረቀ ዘይት ላይ በውሃ የሚሠራ ቫርኒሽ ይሸሻል፣ ወይም ይሰነጠቃል።

ሰንሰለትና ጎማ፦

ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚውል ታንክ ሁልጊዜ በእጅ ይነሳል፣ ያውም ከጎኑ፣ ከሰንሰለቱ። ስለዚህ ባዶ ዱቄት እዚያ አይቆይም። በላዩ ቫርኒሽ ብትነፋ ደግሞ ግማሹ ይበናል፣ ግማሹ ይጠቁራል። ዱቄቱን ከማት ቫርኒሽ ጋር ለቅጠህ እንደ ወጥ ወፍራም አድርገው፣ በስቴኪኒ ጫፍ ጎማዎቹ መሃልና የጭቃ መከላከያው ሥር ጣል ጣል አድርግ። ሲደርቅ ይጠነክራል። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ በልኬቱ 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ ነው፣ ይበቃል።

ሰንሰለቱን መጀመሪያ በዚያው ብላክ ብራውን ሙሉውን ቀባ፤ የዘይቱን ዋሽ እዚህ ብቻ ሙሉ በሙሉ አልብሰው፤ ሲደርቅ በአቧራው ቀለም ደረቅ ብሩሽ። ከዚያ የመጨረሻው ማት፣ ከማቱ በኋላ ደግሞ ለስላሳ እርሳስ፣ 4ቢ ወይም 6ቢ። የእርሳሱን ጎን መሬት የሚነካው ጠርዝ ላይ አሸው፤ የእርሳሱ ግራፋይት ከማንኛውም የብር ቀለም ይልቅ የተፈተገ ብረት ይመስላል። ማቱ ከላይ ቢመጣ ግን ብልጭታው ይሞታል።

ሰንሰለቱ ለምን ብረት እንደሚመስል ማወቅ ሌላውን ታንክ ስትቀባ ይጠቅምሃል። የቲ-34 ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ መሬት የሚነካው ሁሉ ያበራል። የአሜሪካው ሸርማን ታንክ ግን ብዙው የላስቲክ ሰንሰለት ነው የሚሄድበት፤ እሱ ላይ ከዳር ያሉት ማያያዣዎችና የመሃል ጥርሶች ብቻ ናቸው ብረት የሚያሳዩት፣ ቀሪው ጥቁር ግራጫ ላስቲክ ነው። ሸርማኑን በሙሉ በእርሳስ ብታሸው ስህተት ይሆናል።

የቲ-34ህ ጎማዎች ዙሪያቸው ላስቲክ ካለው ላስቲኩን ንጹህ ጥቁር አታድርገው፤ ጥቁር ግራጫ ላይ ትንሽ አቧራ። እ.ኤ.አ. በ1942 ላስቲክ ሲጠፋ ዙሪያቸው ብረት የሆኑ ጎማዎች ተሠርተው ነበር፣ አንዳንዱ ታንክም ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ ይሄድ ነበር። ሞዴልህ ላይ ያ ካለ የብረቱን ጠርዝ በእርሳስ ማሳየት ትችላለህ። ቲ-34 ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከም ትንንሽ ጎማ የለውም፤ የላይኛው ሰንሰለት በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጎማዎቹን አናት አቧራ አታብዛበት፣ ሰንሰለቱ እየጠረገው ነው የሚሄደው።

ሰማያዊ ጣሳ፦

በእርሳስ የታሸው ጠርዝ በጨዋታ ብዛት ይደበዝዛል፤ በየጥቂት ወሩ እንደገና ማሸት ነው፣ በታንክ አንድ ደቂቃ። ታንኮቹን ስታነሳ ከታችኛው አካል ፊትና ኋላ ያዛቸው እንጂ ከቱሬቱ አትያዝ፤ የጣት ቅባት ማት ቫርኒሽን እያለሰለሰ ያብረቀርቀዋል። ያ ከደረሰ ታንኩን በሙሉ ሳይሆን የሚያብረቀርቀውን ቦታ ብቻ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጥጥ ጥረግና ማቱን እዚያው በብሩሽ ድገመው።